የልጅነት ፍርሃት ናፍቆት (ብሪታንያ)

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብሪታንያ ውስጥ ያደጉ ሰዎች በልጅነታቸው እንቅልፍ የነሷቸውን የቴሌቪዥን ፊልሞችና ድራማዎች ጎልማሳ ሆነው በፍቅር የሚያስታውሱበት ባህላዊ ዝንባሌ ነው።

አስፈሪው መንግሥት ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። በ1946 የተቋቋመው የማዕከላዊ ማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ልጆችን ከአደጋ የሚያስጠነቅቁ አጫጭር ፊልሞች ያሠራ ነበር። በ1973 የተሠራው «ብቸኛ ውሃ» አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ይረዝማል። ጥቁር ካባ የደረበ፣ ፊቱ የማይታይ መንፈስ ኩሬ ዳር ቆሞ ጥንቃቄ የጎደላቸውን ልጆች ይጠብቃል። ድምፁ የተዋናይ ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው፤ ዝግ ያለ ነው፣ አይቆጣም፣ አይጮኽም፤ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። በ1977 የቀረበው «አፓቼዎች» በእርሻ ቦታ የሚጫወቱ ልጆች አንድ በአንድ ሲሞቱ ያሳያል። የዳይሬክተር ጆን ክሪሽ «የፍጻሜው መስመር» ደግሞ የባቡር ሐዲድ አደጋን እንደ ትምህርት ቤት የስፖርት ውድድር አድርጎ በማቅረቡ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት በ1979 ከስርጭት ወጣ።

በዚያን ጊዜ የቪዲዮ መቅጃ በጥቂት ቤቶች ብቻ ስለነበር ብዙዎች የታየውን በፈለጉት ጊዜ መልሰው ማየት አይችሉም ነበር። ፊልሙ ያልፋል፤ ፍርሃቱ ግን በልጁ አእምሮ ውስጥ ሲያድግ ይኖራል። ይህ ትዝታ ወደ ሙዚቃም ተሻግሯል፤ በ2004 የተመሠረተው የሙዚቃ አሳታሚ ጎስት ቦክስ የዚያን ዘመን የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ድባብ በአዲስ ሙዚቃ መልሶ አምጥቷል።