ያልተጻፈ ወሲያ፦ ከባሶ ገበያ እስከ መሬት ደብተር

በዛሬው ዝግጅታችን ሰው ጤናው ሳይጓደል፣ የቤተሰቡም ልብ ሳይሻክር ጉዳዩን በጽሑፍ ስለማኖር እናወጋለን። ነገሩን ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ታሪክ እንጀምረው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በየጁቤ አካባቢ፣ ባሶ የሚባል ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። በዚህ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። መሬት ግን አልነበራቸውም። በጎጃም ደጋ ርስት የሚገኘው በዘር ሐረግ ተቆጥሮ ነበር፤ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከዚያ ቆጠራ ውጭ ስለነበር በንግድ፣ በሽመናና በእጅ ሥራ ኖረ።

ስለዚህ የዚያ ዘመን አባት የሚያወርሰው በቅሎ፣ አሞሌ፣ የሽመና ዕቃ፣ ሰው ዘንድ ያለ ገንዘብና የሰው አማና ነበር። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ ወራሾች ድርሻቸውን ከመውሰዳቸው በፊት ዕዳና ወሲያ እንዲቀድሙ ማዘዙ ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ነጋዴ ምን ያህል ተስማሚ እንደነበር ልብ እንበል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ የወሲያን ወሰን ሲሶ አድርገውላቸዋል፤ ሲሶውም ብዙ ነው ብለዋል።

የመንግሥት ሕግ ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ያወቀው ዘግይቶ ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤቶችን አቋቁሞ የጋብቻን፣ የፍችን፣ የሞግዚትነትን፣ የወቅፍንና የውርስን ጉዳይ ሰጣቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሙስሊም ከጠየቃቸው መብቶች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት አበቃ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀመር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ እዚያው ጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ነበር። በደብተሩም የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጻፈ።

እንግዲህ አያቶቻችን ያልነበራቸው ወረቀት በእጃችን ገብቷል። ከወረቀቱ ጋር ግን አዲስ ኃላፊነት መጣ። በቅሎና አሞሌ በሽማግሌ ፊት በአንድ ቀን ይከፈላሉ፤ ቤትና መሬት ግን ወንድማማችን ለዓመታት ችሎት ያመላልሳሉ።

ለምን ቢሉ፣ ሁለት ሕግ ከፊታችን አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የግልና የቤተሰብ ጉዳይን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይህንኑ አጸና። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የአዲስ አበባ የውርስ ክርክር፣ ያልተስማሙ ወራሾችን ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል ወሰነ። አንዱ ወራሽ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል ማለት ነው። በዚያ ደግሞ ድርሻው ይለያል። በሸሪዓ ልጆች ያሏት ሚስት ከባሏ ውርስ ስምንተኛውን ታገኛለች፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ከጋራ ሀብት ግማሿን ትወስዳለች እንጂ ከባሏ አትወርስም። የወንድና የሴት ልጆች ድርሻም በሁለቱ አንድ አይደለም።

ብዙዎቻችን «አባታችን ሲያጣጥሩ ቤቱን ለእገሌ ብለዋል» ሲባል ሰምተናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አስተዳደርና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ቤትን አያስተላልፍም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ከተገኘ 2 ይበቃሉ። በተናዛዡ እጅ የተጻፈውም ሙሉ በሙሉ በራሱ ጽሕፈት ሆኖ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕዳችንን፣ አማናችንን፣ ያልተከፈለ መህርንና የልጆቻችንን ሞግዚት ዛሬ እንጻፍ። ኒካሕ ስናስር ጋብቻችንን በክብር መዝገብ እናስመዝግብ። የእርሻ መሬት የራሱ የክልል ሕግ ስላለው አስቀድመን የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። ከሁሉ በላይ ልጆቻችንን ሰብስበን ውርሱ በማን ፊት እንዲታይ በሕይወት ሳለን እንምከር፤ ፈቃድ የሚገኘው ሰው ሳይኳረፍ ነውና። ሐቁ የሚባክነው የየቲሙና የባልቴቷ ነው፤ ተጠያቂው ግን ሳይጽፍ የሄደው ነው። አላህ (ሱ.ወ) አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።