ያልተቀየረ ብር

ፒያሳ ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ለረጅም ጊዜ ለወረቀት ብር ዓይን አልነበረውም። የምኒልክን ብር ከማርትሬዛ በድምፁ ብቻ የሚለይ፣ በአንዲት መሐለቅ ጠርዝ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው፣ የጃንሆይን አሥር ብር ሲያሳዩት «ይሄማ ወረቀት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። እኔም ያደግሁት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። አባቴ ብር ሠሪ ነበሩ፤ ለእሳቸው ገንዘብ ማለት የሚመዘን፣ የሚቀልጥ፣ መስቀልም አምባርም የሚወጣው ነገር ነው። ዛሬ ግን እነዚያው የድሮ ሰብሳቢዎች ሱቄ እየመጡ ወረቀት አለሽ ወይ ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ይህ ወረቀት የአራዳ ልጅ ነውና።

አፄ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን መርቀው የከፈቱት የካቲት 8 ቀን 1898 ዓ.ም. ነው። ባንኩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ፣ የ50 ዓመት መብት ተሰጥቶት፣ በዚሁ በአራዳ ሥራውን ይዞ ነበር። የወረቀት ብር ያወጣው ግን ወዲያው አይደለም። ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 100 እና ባለ 500 ኖቶቹ የመጡት በ1907 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ባለ 50ው በ1921 ተጨመረ። አንድ ማርትሬዛ፣ ያ የንግሥት መልክ ያለበት ጠገራ ብር፣ 28 ግራም ይመዝናል። አምስት መቶው 14 ኪሎ ማለት ነው። በጊዮርጊስ ሥር በነበረው ገበያ ለሚነግደው አርመን፣ ግሪክ ወይም ሕንድ፣ 14 ኪሎ ብር በአንድ ወረቀት መያዝ ትልቅ እፎይታ ነበር። ባላገሩ ግን ጠገራውን አገላብጦ፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ ካልሆነ ከብቱን አይሸጥም። ወረቀቱን ቢሰጡትማ ምኑን ይቆጥራል? ስለዚህ ኖቱ ከከተማ ብዙም አልራቀም።

በ1923 መንግሥት ባንኩን በ235,000 ፓውንድ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አለው። አዲሶቹ ኖቶች በ1924 ወጡ፤ በማግሥቱ ዓመት ጃንሆይና እቴጌ መነን አብረው ያሉባት ባለ ሁለት ብር ተከተለች። ዕድሜያቸው አጭር ነበር። በ1928 ጣሊያን ገባ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ ሊሬ መጣ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። ሦስት መንግሥት፣ ሦስት ዓይነት ወረቀት፣ ሁሉም በአሥር ዓመት ውስጥ። ጠገራው ግን በሁሉም ዘመን ይሠራ ነበር። ሕዝቡ ወረቀትን ያላመነው ባለማወቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያላመነው አይቶ ነው።

አሁን አንዷን ኖት ቀረብ ብለን እንያት። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በጃንሆይ የልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ሒሳብ። ኖቱ የታተመውም ሳንቲሙ የተመታውም አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ነው። ባለ 10ዋ ቀይ ናት። መሐሏ ላይ ያለው ሥዕል የኛው ጊዮርጊስ አደባባይ ነው፤ አፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ። ያ ሐውልት በ1923 በዘውዱ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ነቅሎ የቀበረው፣ ጠላት ሲወጣ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ኖቷ ስትታተም ከተመለሰ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ጠላት ከአደባባይ የነቀለውን በየሰዉ ኪስ ማስገባት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከማንኛውም የወርቅ ሳንቲም በፊት ይህችን አነሣለሁ።

ሳንቲም ሰብሳቢዎቹን ወደ ወረቀት ያመጣቸው ግን ፊርማው ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ያለው ዓመት 1936 ነው። ለአሥርተ ዓመታት ደጋግመው ሲመቱም 1936 ማለታቸውን አልተዉም፤ ስለዚህ የትኛው መቼ እንደተሠራ ከፊታቸው አይነበብም። (ስሙኒዋ ብቻ መልኳን ለውጣለች። ክቧን መዳብ ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ሲያሳልፏት ዳርዋ እንደ አበባ ተደረገ።) ወረቀቱ ላይ ግን የባንኩ ገዥ ይፈርማል። መጀመሪያ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ፣ ከእሱ በኋላ ሌሎች ፈረንጆች፣ በመጨረሻም ኢትዮጵያዊው ምናሴ ለማ። ኖቶቹን በፊርማ ተራ ሲደረድሯቸው ባንኩ ከፈረንጅ እጅ ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ የዞረበት መንገድ ይታያል። ዓለምም ቢሆን ወረቀትን ከሳንቲም ዘግይቶ ነው ያከበረው። የባንክ ኖት ሰብሳቢዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የተቋቋመው በፈረንጆች 1961 ነው፤ ዛሬ የኛም ሰብሳቢዎች ኖቶችን በቁጥሩ የሚጠሩበት የጀርመናዊው አልበርት ፒክ ዓለም አቀፍ ካታሎግ የወጣው በ1975።

የወረቀት ብር ለምን ብርቅ እንደሆነ የገባኝ ከአባቴ ሥራ ተነሥቼ ነው። ማርትሬዛ ዋጋው ቢወድቅም ብርነቱ አይለቀውም። አባቴ ብዙውን አቅልጠውታል፤ ሆኖም መስቀሉ ዛሬም በሰው አንገት ላይ አለ። ወረቀት ሌላ ሕይወት የለውም። አዋጅ ሲወጣ ባለቤቱ ባንክ ወስዶ ይቀይረዋል፣ ባንኩም ያቃጥለዋል። በጥቅምት 1969 ደርግ ብሩን ሲለውጥ የሆነው ይኸው ነው። እንግዲህ በእጃችን የቀረው በአብዛኛው ያልተቀየረው ነው፤ የተረሳው፣ የተደበቀው፣ ባለቤቱ የሞተበት።

አንዲት እናት የቆቃ ግድብ ያለባቸውን ባለ 50 ኖቶች በዳዊት ማኅደር ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ባለቤቴ የት እንዳስቀመጠው ሳይነግረኝ ነው የሞተው» አሉኝ። በዘመኑ ያ ገንዘብ ለቤተሰቡ ብዙ ነበር። በአራት የታጠፉ ናቸው፤ ማጠፊያቸው ላይ ቀለሙ ለቋል፣ ዳር ዳራቸውን የዕጣን ጢስ አጥቁሮታል። ካታሎግ እንዲህ ያለውን ኖት ዝቅተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። እኔ ከነማኅደሩ እንዲያኖሯቸው ለመንኳቸው፤ ኖቶቹን አልገዛኋቸውም።

መስከረም 2013 ላይ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሮች ሲቀየሩና ባለ 200 ሲወጣ ነገሩ ተለየ። የሦስት ወሩ የመቀየሪያ ጊዜ ሳያልፍ ሰብሳቢዎች ንጹሕ ንጹሑን እያወጡ አስቀሩ። ገንዘባቸው እንደሚሞት እያወቁ ያስቀሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነሱ ይመስሉኛል።

በ2016 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ ሰው ዕቃውን እያራገፈ ነው፤ ከሣጥን ሥር፣ ከግድግዳ ወረቀት ጀርባ የሚወጣ ኖት አለ። እባካችሁ ካገኛችሁ አትተኩሱት። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። በውሃም አትጠቡት። በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል አስቀምጡትና፣ ከየትኛው ቤት፣ ከማን ሣጥን እንደወጣ ጀርባው ላይ ሳይሆን በሌላ ቁራጭ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። ዋጋውን በኋላ እንነጋገራለን።