ሚያዝያ 27፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ሰልፍ

ሚያዝያ 27 ቀን ሁለት ተቃራኒ ሰልፎች በአንዲት ከተማ ያለፉበት ዕለት ነው። በ1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ትተዋት የሄዱትን፣ በዝርፊያና በእሳት የተጎዳችውን አዲስ አበባን ያዘ። ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ጦርነቱ ማብቃቱን ከሮም አወጀ፤ በየዱር ገደሉ የቀሩትን አርበኞች ግን አላማከረም።

ሁለተኛው ሰልፍ የመጣው ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገብተው ነበር። ይህኛው መገጣጠም ሳይታሰብ የሆነ ነው። ቀጥሎ ያለው አንድ ወር ግን በጥበቃ አለፈ፤ የእንግሊዝ አዛዦች በከተማይቱ ስላሉት የኢጣሊያ ሲቪሎች ደኅንነት በመስጋት ንጉሠ ነገሥቱ እንዲዘገዩ አደረጉ። በመጨረሻ በእንጦጦ በኩል የወረዱት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ይህ ቀን በአጋጣሚ የተገኘ አይመስልም፤ የሽንፈቱን ዕለት በድል ለመሸፈን ከእርሱ የተሻለ አልነበረምና።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የደርግ መንግሥት በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ደርግ ሲወድቅ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። አንደኛው ቀን ዋና ከተማይቱ ነጻ የወጣችበትን፣ ሁለተኛው ዘውዱ የተመለሰበትን ያስታውሳል። ለጎንደር አርበኞች ግን ሁለቱም ገና ነበሩ፤ የኢጣሊያ ጦር በዚያ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።