ስለ ጦር መሣሪያ መግቢያ ሕግና ስለ ደሴ



ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በባቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣው በዚሁ በር ነው። ኮምቦልቻ ዛሬም የጉምሩክ ጣቢያና ደረቅ ወደብ አላት። ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ ለመናገር ከዚህ ስፍራ መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአገራችን የመሣሪያ ሕግ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የበር ታሪክ ነውና።

በሌላ አገር ሕጉ የመሣሪያውን ዓይነት ይመረምራል። በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈለሰፈው የሂራም ማክሲም ልጅ፥ ሂራም ፐርሲ ማክሲም፥ በ1901 ዓ.ም. የተኩስ ድምፅ ማፈኛ በስሙ አስመዘገበ። አባት ጆሮ የሚያደነቁረውን፥ ልጅ ድምፅ የሚውጠውን መሥራታቸው የሚያስገርም ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በ1926 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መትረየስና ድምፅ ማፈኛ እንዲመዘገቡ፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉም 200 ዶላር ግብር እንዲከፈልባቸው አዘዘ።

በእኛ ዘንድ ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው የሚከበርበት እንጂ የሚጠረጠርበት ዘመን አልነበረም። ያከራከረው መሣሪያው በማን ፈቃድ ገባ የሚለው ነው። በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ የተሰበሰቡት መንግሥታት የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ሲዋዋሉ፥ ጠመንጃ ወደ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ። ይሁን እንጂ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ንግዱ አልቆመም፤ ባላገሩ «ውጅግራ» የሚለው ስም ራሱ «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባም፥ በ1911 ዓ.ም. በሴን ዠርሜን ስለ መሣሪያ ንግድ የተጻፈውን ውል እንድታከብር ቃል ገብታለች።

ከዚህ በኋላ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ኢትዮጵያ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ መሣሪያ ማስገባት ተዋዋሉ። የውሉ ዓላማ ንጉሠ ነገሥቱ ግዛታቸውን ከውጭ ወራሪ ለመከላከልና የውስጥ ጸጥታን ለመጠበቅ የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ ሁሉ እንዲያገኙ ማድረግ መሆኑ በመግቢያው ተጽፏል። የባሕሩን በር ሁሉ የያዙት እነዚሁ ሦስት ጎረቤቶች ስለ ነበሩ ፊርማቸው ዋጋ ያለው መስሎ ታየ። ከበር ጠባቂዎቹ አንዱ ለወረራ የሚዘጋጅ መሆኑን ግን የውሉ ቃል አያግድም ነበር።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በኤርትራና በሶማሌ ሲከማች፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። እኩል የሚመስለው ይህ ክልከላ የመታው አንዱን ብቻ ነው፤ ኢጣልያ ታንክና አውሮፕላን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበርና። የመንግሥታት ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ ያለው እገዳ እንዲነሣ የወሰነው በመስከረም 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በዚያው አድርገው ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየውን የደሴ ፎቶግራፍ ብዙ ሰው አይቶታል፤ በዚያች ከተማ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ስለ ምን እንዲህ ብርቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ከፊሉ በፓሪሱ ወረቀት ላይ ይገኛል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር የኮምቦልቻን በር ሰብሮ ደሴ ሲገባ፥ ጠላት ጥሎት የሄደው ጠመንጃ በየገጠሩ ተበተነ። በውል ያልተገኘው በምርኮ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ከበሩ ወደ ባለቤቱ ዞረ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ የያዘውን ሰው ፈቃድህ የት አለ ብሎ ይጠይቃል። አያቱ ከምርኮ ያገኘውን ጠመንጃ ከግድግዳ ላይ አውርዶ ለማስመዝገብ የሚሄድ የወሎ ገበሬም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።