የንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ የዘውድ በዓል ኩባያ

ሥዕል የታተመበት፣ ነጭ የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው ሸክላ
ስታፎርድሺየር፣ እንግሊዝ፤ 1936–37 ገደማ (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ኩባያው ላይ የተጻፈው ቀን ሜይ 12፣ 1937 ነው። በዚያን ዕለት ዘውድ የተጫነው ግን ሥዕሉ የሚታየው ንጉሥ ሳይሆን ታናሽ ወንድሙ ነበር።

እንዲህ ያለው ዕቃ በዘውድ በዓል ሰሞን በርካሽ ዋጋ ይሸጥ፣ ለተማሪዎችም በስጦታ ይታደል ነበር። ፋብሪካዎች ለገበያው ለመድረስ ማምረት የጀመሩት ከበዓሉ ወራት ቀድመው ነው።

ኤድዋርድ ገና አልጋ ወራሽ ሳለ የብሪታንያን ግዛቶች እየዞረ የጎበኘ፣ በሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደደ ሰው ነበር። በኖቬምበር 1936 ሥራ አጥ የሆኑ የደቡብ ዌልስ ማዕድን ቆፋሪዎችን ሄዶ አይቷል። የግል ሕይወቱ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ሊያገባት የፈለጋት አሜሪካዊቷ ዎሊስ ሲምፕሰን አንድ ጊዜ ተፋትታ፣ ከሁለተኛ ባሏም ለመፋታት ፍርድ ቤት ቀርባ ነበር። ንጉሡ የበላይ ጠባቂዋ የሆነላት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የቀድሞ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ዳግም ስታገባ በዚያን ጊዜ አትባርክም ነበር።

የአሜሪካ ጋዜጦች ወሬውን ሲቀባበሉት የብሪታንያዎቹ እስከ ዲሴምበር 3 ዝም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ቦልድዊን ጋብቻውን ተቃወሙ። ኤድዋርድ በዲሴምበር 10 ሦስቱ ወንድሞቹ በምስክርነት በተገኙበት ዙፋኑን የሚለቅበትን ሰነድ ፈረመ፤ ይህም የሆነው ከነገሠ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው።

የዘውድ በዓሉ ቀን ግን አልተቀየረም፤ ታናሽ ወንድሙ ጆርጅ ስድስተኛ በዚያው በሜይ 12 ዘውድ ጫነ። የኤድዋርድ ኩባያዎች አስቀድመው በብዛት ስለተመረቱ ዛሬም በቀላሉ ይገኛሉ።