እርጅናና የማየት ሕዋሳት

ሁቤልና ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1959 በድመት አንጎል ውስጥ የመስመርን አቅጣጫ መርጠው የሚነቃቁ የነርቭ ሕዋሳትን ገለጹ፤ በ1981ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ2000 የታተመ ጥናት ይህ የመምረጥ ችሎታ በአረጁ ጦጣዎች መዳከሙን አሳየ። በ2003 ደግሞ ጋባ የተባለው የነርቭን መነቃቃት የሚገታ ንጥረ ነገር ሲጨመርላቸው የደከሙት ሕዋሳት ችሎታቸው ተሻሻለ። ድካም እንጂ ሞት አልነበረምና። ይህ ግኝት ግን ለሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም።

ሊድን የሚችለው ሌላ ነው። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንሥኤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አመለከተ፤ ይህም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ ባለሙያ አረጋዊውን «እርጅና ነው» ብሎ ከመሸኘቱ በፊት ዓይኑን ሊመረምር ይገባል።