የተቆለፈ ድምፅ፣ ማጫወቻው የማን ነው?

በእንግሊዙ ሄርፎርድ ካቴድራል መጻሕፍቱ በሰንሰለት የታሰሩበት ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ አለ። ሰንሰለቱ መጽሐፉ ከቤቱ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ርዝመቱ ግን እስከ ማንበቢያው ጠረጴዛ ያደርሳል። ያሰረው እጅ ለአንባቢውም አስቦ ነበር። መጽሐፍ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ይህ አሳቢነት መጀመሪያ ተወረሰ፤ ኋላ ግን ተዘነጋ።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1931 እ.ኤ.አ. ለዓይነ ስውራን አዋቂዎች የመጻሕፍት አገልግሎት በሕግ ደነገገ። በ1934 መጻሕፍቱ በሸክላ እየተቀረጹ መሠራጨት ጀመሩ። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ንባብ ስለነበር፣ አንድ ልብ ወለድ አንድ ቁልል ሸክላ ይሆን ነበር። አሳታሚዎችም የፈቀዱት ከዓይነ ስውራን ሌላ ማንም እንዳይገለገልበት ነበር። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና ማጫወቻውን ለመግዛት የብዙዎች አቅም አልፈቀደም። ስለዚህ መንግሥት ለሥራ አጦች ባቋቋመው ፕሮግራም ማጫወቻዎች ተሠርተው በነፃ በውሰት ተሰጡ። በካሴት ዘመንም ነገሩ በዚያው ቀጠለ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካሴቶች ከተለመደው በግማሽ ፍጥነት፣ በአራት ትራክ የተቀዱ ነበሩ፤ በተራ ቴፕ ሲጫወቱ ንባቡ አይለይም። ይሁንና ካሴቱን የሚልከው ተቋም ማጫወቻውንም ያውስ ስለነበር፣ አለመጣጣሙ በአድማጩ ላይ አልወደቀም።

በይነመረብ ሲመጣ ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህን ልማድ አልተከተሉም። ከ2004 ጀምሮ ኦቨርድራይቭ የተባለው የኦሃዮ ኩባንያ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያቀረባቸው የድምፅ መጻሕፍት በማይክሮሶፍት ዲጂታል ቁልፍ የተዘጉ ነበሩ። የውሰቱ ቀን ሲያበቃ ፋይሉ በራሱ ይዘጋል። ነገር ግን በብዙ ሰው ኪስ የነበረው የአፕል ማጫወቻ አይፖድ ያንን ቁልፍ አያውቀውም፤ የአፕል ኮምፒውተርም እንዲሁ። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2006 ያወጣው ዙን የተባለው ማጫወቻ እንኳ፣ ኩባንያው ለሌሎች አምራቾች ባዘጋጀው ቁልፍ የተዘጋ ሙዚቃ አያጫውትም ነበር። ግብሩን የከፈለ፣ የቤተ መጻሕፍት ካርዱን የያዘ ሰው የተዋሰውን ሳይሰማ ቀኑ ያልፍበታል። ቁልፉን ልስበር ቢል ደግሞ የ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ይከለክለዋል።

መቆለፉን አልነቅፍም። ደራሲና ተራኪ በድካማቸው ፍሬ ሊኖሩ ይገባል። የምነቅፈው የሚቆልፈው ወገን የማጫወቻውን ዕዳ በተዋሹ ላይ መጣሉን ነው። ለዚህም የቀደመው መፍትሔ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፦ በ2005 ገበያ ላይ የዋለው ፕሌይአዌይ አንድ መጽሐፍ አስቀድሞ የተጫነበት ትንሽ ማጫወቻ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉንና መሣሪያውን አንድ ላይ ያውሱታል። በ2008 ደግሞ አንዳንድ አሳታሚዎች ያለ ቁልፍ፣ በማንኛውም መሣሪያ በሚጫወት ኤምፒስሪ ማቅረብን ፈቀዱ።

ዛሬ ቁልፉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ኦቨርድራይቭ በ2017 ያወጣው ሊቢ የተባለው መተግበሪያ አዲስ ስልክ ላለው ምቹ ነው፤ ስልኩ ላረጀበት ግን የአይፖዱ ዘመን አላለፈም። በአሜሪካ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙ ወገኖቻችንም ይህንኑ ወርሰዋል። በአገር ቤት ኢትዮጵያ በ2020 የማራኬሽን ስምምነት አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ዓይነ ስውራንና ሌሎች ኅትመት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች የሚገለገሉባቸውን ቅጂዎች ያለ መብት ባለቤቱ ፈቃድ ለማዘጋጀት መንገድ ይከፍታል። ቤተ መጻሕፍቶቻችን የአማርኛ ትረካዎችን ለማዋስ ውል በሚፈራረሙበት ጊዜ፣ ማጫወቻውን ማን እንደሚያቀርብና መተግበሪያው ሲቋረጥ መጽሐፉ ምን እንደሚሆን በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።